ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው፦ ለረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል የጀርባ መደገፊያ አመራረጥ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለነጂው አጭር መንገድ ነው፤ መሪውን ይዟል፣ ፊቱ ክፍት ነው፣ ኩርባው ሳይደርስ ሰውነቱን ያዘጋጃል። ከኋላው የተቀመጠው ሰው የሚያየው የነጂውን ትከሻና ሄልሜት ብቻ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ መታጠፊያው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ በዚህ መሃል ራሱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በሆዱና በጀርባው ጡንቻ ነው። በሐረጎ እንዲህ ከሆነ፣ ወልዲያ ወይም አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ሰው ጀርባ ምን እንደሚያሳልፍ መገመት አያዳግትም።

ይህን የምጽፈው እናቴን አሳምሜ ስለተማርኩ ነው። የመጀመሪያውን መደገፊያ የገዛሁት በዓይኔ ነበር፤ ረጅም፣ ክሮም የተቀባ፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ። እናቴን ይዤ ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ወርደን ማታ ተመለስን። ደጋግሜ “ተመቸሽ?” ብያት “አብሽር፣ ደህና ነኝ” አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩን ሳዘጋጅ ግን “ዛሬስ በሚኒባስ ልሂድ፣ አንተም አትድከም” አለች። ነገሩ የገባኝ እህቴ ጀርባዋን በቅባት ስታሽላት ነው፤ ከትከሻዋ አጥንት ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ቀይ መስመር ተሰምሮ ነበር። መስመሩ የመደገፊያው የላይኛው ጠርዝ ነው። ዳገቱን በሙሉ ያ ጠርዝ ሲቆረቁራት እሷ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ስለዚህ መደገፊያ የሚመረጠው ከሚደገፈው ሰው ጀርባ ተነሥቶ ነው። የሞተሩ ዓይነትና የኪስ አቅም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ከኋላ የሚቀመጡ ሰዎች ደግሞ፣ በተለይ በእኛ አገር፣ አመመኝ ብለው ስለማያማርሩ ጠይቆ ብቻ መልስ ማግኘት አይቻልም። መለካትና ማስተዋል ያስፈልጋል።

ጀርባውን መለካት

የሚያስፈልገው ሜትር፣ እርሳስ፣ አንድ ጠንካራ ካርቶንና ሞተሩን ደግፎ የሚይዝ ረዳት ነው። ሞተሩ የመሃል ማቆሚያ ካለው በእሱ ይቁም። ተሳፋሪው ለጉዞ የሚለብሰውን ልብስ ለብሶ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ሁለት እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ይቀመጥ። ነጂውም በቦታው ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ልኬቱ ሁሉ ይዛባል።

መጀመሪያ ወገቡን ፈልጉ። መዳፍን ከዳሌ ወደ ላይ ሲያንሸራትቱ ከዳሌው አጥንት ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባ ቦታ አለ። ተሳፋሪው ባዳ ከሆነ ቦታውን በራሱ እጅ ያሳያችሁ። ከተጫነው መቀመጫ እስከዚያ ጉድጓድ መሃል ለኩ። በአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ያርፋል። የመደገፊያው ትራስ ሊገፋ የሚገባው ይህን ቦታ ነው። ከዚህ በታች የሚያርፍ ትራስ ዳሌን ወደ ፊት ያንሸራትታል፤ ከዚህ በላይ ብቻ የሚነካ ደግሞ ወገቡን ባዶ ይተወዋል፤ ሰውየውም ሳያውቀው እየጎበጠ ይሄዳል።

ቀጥሎ የትከሻ አጥንት የታችኛውን ጫፍ ለኩ። የትራሱ የላይኛው ጠርዝ በዚህ መስመር ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ። ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ረጅም መደገፊያ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ አጥንቱን አልፎ ከፍ ይበል። እናቴን የጎዳት ሁለቱንም ያልሆነው፣ ልክ አጥንቱ ሥር የቀረው ጠርዝ ነው። ለብዙው ሰው ምርጫዬ አጭሩ ነው። አጭር መደገፊያ ክንድን ነፃ ያደርጋል፣ ነፋስ አይዝም፣ ከሄልሜት ጋርም አይጋጭም።

ሦስተኛው ልኬት በነጂው ጀርባና በተሳፋሪው ጀርባ መካከል ያለው ርቀት ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር መንገድ አንድ ልዩ ነገር አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ደሴ ቧንቧ ውሃ ከተባለው ሰፈር ሲነሡ ሁለቱም ወፍራም ጃኬት ለብሰዋል፣ እናት ከሆነች ጋቢም ደርባለች። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ያ ሁሉ ይወልቃል። የሁለት ሰው ጃኬትና ጋቢ ሲደመር በርካታ ሴንቲ ሜትር ነው። በወፍራም ልብስ ልክ የመጣ መደገፊያ ባቲ መንገድ ላይ ወደ ኋላ የራቀ ይሆናል፤ በሸሚዝ የተለካው ደግሞ ደሴ ላይ ተሳፋሪውን ከነጂው ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል። ሁለቴ ለኩ፤ አንድ ጊዜ በብርድ ልብስ፣ አንድ ጊዜ በቀላል ልብስ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት ይነግራችኋል። በአንድ ሞተር እናትን፣ ሚስትንና ጓደኛን የምታመላልሱ ከሆነ ደግሞ የሚስተካከል መደገፊያ ግዴታ ነው።

የካርቶኑን ሙከራ አትዝለሉት። ካርቶኑን በልኬቱ ቆርጣችሁ በሁለትና በሦስት ድርብ አጣብቁት፤ ስፋቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ የሰፋ ክርንን ይመታል። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ በሁለት እጁ ደግፎ ይያዘው። ተሳፋሪው ተደግፎ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጥ፤ ሻይ እየጠጣም ቢሆን። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰውየው መቁነጥነጥ ከጀመረ ቁመቱ ወይም ዘንበል ማለቱ ልክ አይደለም። ዘንበል ማለቱ ከቀጥታው ወደ ኋላ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ለብዙው ሰው ይስማማል። ከዚያ በላይ ሲያጋድል አንገት ሄልሜቱን ለመሸከም ወደ ፊት ይታጠፋል፤ የወገብ ሕመም ወደ አንገት ተዛወረ ማለት ነው።

የትኛው ዓይነት?

ለረጅም ጉዞ ተብለው በሚሠሩት ትልልቅ ሞተሮች ላይ መደገፊያው ከሞተሩ ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። የሆንዳ ጎልድ ዊንግ የመጀመሪያው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ የንፋስ መከላከያም ሻንጣም አልነበረውም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው እየገዙ ይጨምሩ ነበር። በ1980 የወጣው ኢንተርስቴት የተባለው ሞዴል ነው ሁሉን ከፋብሪካ ይዞ የመጣው። ዛሬ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የተሳፋሪው መደገፊያ ከኋላው ሻንጣ ጋር አንድ አካል ነው። እኛ ዘንድ የምናገኘው ግን አብዛኛው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነውና ምርጫው ከሦስት ዓይነት አንዱ ይሆናል።

አንደኛው ከኋላ በሚገጠም የዕቃ ሳጥን ላይ የሚለጠፍ ትራስ ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ለከተማ ውስጥ ይበቃል። ለረጅም መንገድ ግን አልመክረውም። ሳጥኑ ከኋላው ጎማ መሃል ወደ ኋላ ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ የሰው ክብደት ሲደገፍበት የፊት ጎማ ይቀላል። በዳገት ኩርባ ላይ ደግሞ የፊት ጎማ መቅለል የምንፈልገው ነገር አይደለም። የሳጥኑ መቆለፊያም የተሠራው ለዕቃ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የክብደት ገደብ በአብዛኛው ከጥቂት ኪሎ እስከ 10 ኪሎ ነው። አንድ የ70 ኪሎ ሰው ሞተሩ በኃይል ሲነሣ የክብደቱን ሲሶ ያህል ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል፤ ይህ ከ20 ኪሎ በላይ ነው።

ሁለተኛው በግራና በቀኝ ከሻንሲው (ከሞተሩ ዋና የብረት አካል) ጋር በብሎን የሚታሰርና ትራስ የተገጠመለት ብረት ነው። ለእኛ መንገድ ትክክለኛው ይህ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰንን በመሳሰሉ ሞተሮች ላይ ብሎን ሳይፈታ በቅጽበት የሚነሣ ዓይነት አለ፤ ቢገኝ መልካም፣ ባይገኝ ጉዳት የለውም። ሦስተኛው ከወንበሩ ሥር ባለ ሶኬት የሚሰካ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ የተዘጋጀለት ካልሆነ አትሞክሩት። የወንበሩ ታችኛ ክፍል ፕላስቲክ ነው፤ ይሰነጠቃል።

የትኛውንም ስትመርጡ ከፋብሪካ የመጣውን የእጅ መያዣ እንዳታጡ። ብዙ ጊዜ መደገፊያው የሚታሰረው መያዣው ተነሥቶ በእሱ ብሎኖች ነው፤ ሰዎችም መያዣውን ጥግ ላይ ጥለውት ይቀራሉ። መደገፊያ ቁልቁለት ላይ ምንም አይረዳም። ሐረጎን ሲወርዱ ተሳፋሪው የሚንሸራተተው ወደ ፊት ስለሆነ የሚያድነው በጎንና በጎን የሚይዘው ብረት ነው። ሁለቱ አብረው የማይገጠሙ ከሆነ መደገፊያው ላይ መያዣ አሠሩ፤ ያም ካልሆነ ሌላ መደገፊያ ፈልጉ።

በጎን ስለሚቀመጡና ልጅ ስለያዙ

ቀሚስ የለበሱ እናቶቻችንና እህቶቻችን በጎን ዞረው ሲቀመጡ በየቀኑ እናያለን። በጎን ለሚቀመጥ ሰው የጀርባ መደገፊያ የለም፤ ብረቱ የጎን አጥንት የሚወጋ እንቅፋት ይሆናል። ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ለብሶ ተፈናጥጦ መቀመጥ ካልተቻለ መደገፊያውን አውልቃችሁ አስቀምጡት፤ ረጅሙን መንገድም በሚኒባስ ይሂዱ። ነጠላና ሻርፕ ጫፉ ከጃኬት ሥር ይግባ፤ በሰንሰለትና በጎማ የተጠመጠመ ነጠላ አንገት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ እንኳ ይከብዳል።

ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች እናት መደገፊያ ባለው ሞተር ላይ ፈጽሞ አትቀመጥ። ሞተሩ ሲነሣ የእናት ክብደት ሕፃኑን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል።

ትራሱ

ሱቅ ውስጥ ትራሱን በአውራ ጣት ተጭናችሁ እዩት። ጣታችሁ ከሥሩ ያለውን ጣውላ ወይም ላሜራ ከነካ፣ ጉድጓድ ያለበት መንገድ ላይ ጀርባም ይነካዋል። ከሥር 3 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ለስለስ ያለ ሲሆን በደንብ ያገለግላል። የሰውነትን ቅርጽ እየያዘ ቀስ ብሎ የሚመለሰው ዘመናዊ ስፖንጅ ቤት ውስጥ ደስ ይላል፤ በብርድ ግን ይጠጥራል። ለደሴ ጠዋት ተራው ጠንካራ ስፖንጅ ይሻላል።

ልባሱ ውሃ የማያሳልፍ ይሁን፤ ስፌቱም ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዙር። በስፌት የገባ የሐምሌ ዝናብ ስፖንጅ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል፤ ተሳፋሪው ሲደገፍ እየተጨመቀ ልብሱን ያርሳል። የመኪና ወንበር ለሚያለብሰው ባለሙያ ስፖንጁን በስስ ላስቲክ ጠቅልሎ እንዲያለብስ፣ ከታች በኩልም ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ እንዲተው ንገሩት።

በብየዳ ቤት ማሠራት

ለሞተራችሁ ልክ የሆነ ዝግጁ መደገፊያ ካልተገኘ ማሠራት ነው፤ እኔም ሁለተኛውን ያሠራሁት እንዲሁ ነው። ለበያጁ ካርቶኑን ስጡት፤ በቃል አትንገሩት። ከዚያ ስለ ብረቱ ተነጋገሩ። ብየዳ ቤት ውስጥ በቅርብ የሚገኘው ለቤት ወንበር የሚያገለግለው ስስ ቱቦ ነው። ለማጠፍ ቀላል ስለሆነ ባለሙያው እሱን ያነሣል። የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ ካልሆነ አትቀበሉ። ጫፉን አይታችሁ በሜትር አረጋግጡ።

መደገፊያው የሚታሰርበት ቦታ ሻንሲው ላይ ያለ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ መያዣው የሚታሰርበት። ጭቃ መከላከያው ላይ፣ ጅራቱ ፕላስቲክ ላይ፣ ወይም የመብራቱ ማሰሪያ ላይ የሚታሰር ነገር ሁሉ ይሰበራል። በሻንሲው ላይ በቀጥታ አታስበይዱ፤ ሙቀቱ ብረቱን ያደክመዋል። መደገፊያው ለብቻው ይበየድ፣ ከዚያ በብሎን ይታሰር። ባለሙያው ልኩን ለመያዝ የመደገፊያውን ክፍሎች ሞተሩ ላይ እንዳሉ በነጥብ ብየዳ እርስ በርስ ሊያያይዝ ከፈለገ የባትሪውን ሁለት ገመድ አስቀድማችሁ ፍቱ፤ ወንበሩንም አንሡ።

የተበየደውን ስትረከቡ መጋጠሚያውን በጣት ዳሱት። ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሄደ መሆን አለበት። በሁለትና በሦስት ነጥብ ብቻ የተያዘ ከሆነ መልሱለት፤ አትፈሩ፣ ጀርባው የእናታችሁ ነው። የቱቦው ክፍት ጫፎች ይደፈኑ፤ ውሃ ገብቶ ከውስጥ የሚበላው ዝገት ከላይ አይታይም። በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ፣ ከደረቀ በኋላ ቀለም ይቀባ።

ብሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የታተመባቸው ይሁኑ። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለአጥር በር ነው። ዳዶው ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ይሁን፤ ንዝረት አይፈታውም። በሁለቱም በኩል ሮንዴላ ይግባ፤ ብረት ከብረት በሚነካበት ቦታ የአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ማስገባት ድምፁን ቢያጠፋም ብሎኑን እያላላ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከትራሱ ጀርባ ብቻ ተጠቀሙበት። በ13 ቁልፍ የሚፈታው የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን 25 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይጠብቃል፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የመመሪያው ይከበር። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩ፦ የኋላ መብራቱና ፍሬቻዎቹ ተሸፍነዋል?

ዳገቱ ላይ መሞከር

ከመንገዱ በፊት ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ቆሞ፣ አንድ ሰው ፊቱን ይዞ፣ ሌላው መደገፊያውን በሁለት እጁ ወደ ኋላ ይሳበው። በብሎኑና በብረቱ ላይ አስቀድማችሁ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። በዚያው ቀን የኋላውን ሞላ ጥብቀት ለሁለት ሰው አስተካክሉ፤ የጎማውንም አየር መመሪያው ለሁለት ሰው በሚያዘው ልክ ሙሉት። ሞላው ለአንድ ሰው እንደላላ ከቀረ ሞተሩ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ በካርቶን የደከማችሁበት 10 ዲግሪም ይበላሻል።

አወጣጡንም ተለማመዱ። መደገፊያ ሲኖር እግርን ከኋላ አዙሮ መውጣት አይቻልም፤ መርገጫውን ረግጦ፣ የነጂውን ትከሻ ይዞ፣ እግርን በነጂውና በመደገፊያው መካከል ማሳለፍ ነው። ጉልበቷ ለሚያማት እናት ይህ ከጉዞው ሁሉ ይከብዳል። እኛ ደጃፍ ያለው የድንጋይ እርከን ረድቶናል፤ ሞተሩን አጠገቡ አቆማለሁ፣ ሁለት እግሬን መሬት ተክዬ ፍሬን እይዛለሁ፣ እሷ ከእርከኑ ላይ ተነሥታ ትሻገራለች። እስክትቀመጥ ሞተር አላስነሣም።

ከዚያ ሐረጎ። ለመደገፊያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከሚያወጣው ዳገት የተሻለ መፈተኛ አላውቅም፤ ተሳፋሪው ሳይፈልግ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ኩርባው ወደ ጎን ይፈትነዋል፣ ከባድ መኪና ሲታለፍ ደግሞ ነዳጅ በድንገት ይጨመራል። ዳገቱን ስትወጡ “ተመቸሽ?” ብላችሁ አትጠይቁ። እጆቿን አስተውሉ። ዳገት ላይ ጃኬታችሁን ጨምድዳ ከያዘች መደገፊያው እየደገፋት አይደለም፤ ወይ ርቋል፣ ወይ ዝቅ ብሏል። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ወይም መያዣው ላይ ዘና ብለው ካረፉ ጀርባዋ ሥራውን ለትራሱ ሰጥቷል። የእናቴ መደገፊያ በሦስተኛው ጉዞ ነው ልክ የመጣው፤ ትራሱን ሁለት ጣት ዝቅ፣ አንድ ጣት ወደ ፊት ካመጣሁት በኋላ። ስትወርድም ጥያቄውን ለወጥ አድርጉ፦ “የት ቦታ ነው የነካሽ?” ብትሏት በእጇ ታሳያችኋለች።

ሲመች አንድ አዲስ አደጋ ይመጣል፤ እንቅልፍ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሐርቡን አልፈው ወደ ከሚሴ ቆላው ሙቀት ሲጀምር ተሳፋሪው ያንቀላፋል፤ መደገፊያው ከኋላ ቢይዘውም በጎን አይይዘውም። ጭንቅላቱ ጀርባችሁን ሲነካ ወይም ሄልሜታችሁን ሲመታ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ሳይነካም ቢሆን በየሰዓቱ ወርዳችሁ ተንጠራሩ።

ዕቃ መደገፊያው ላይ አትሰሩ። የባቲ ሰኞ ገበያ ስትመለሱ ብረቱ ከኋላ ቆሞ ሲታይ ጆንያ ማሰር ያስመኛል፤ ያ ክብደት በየጉድጓዱ ብየዳውን ያንገላታዋል፤ የሚሰበረውም ሰው በተደገፈበት ቀን ነው።

መጀመሪያ 100 ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ብሎኖቹን ሁሉ በቁልፍ ፈትሹ፤ አዲስ ቀለም በብሎኑ ሲጫን ስለሚሳሳ ይላላሉ። ከዚያ በኋላ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ነጩን መስመር ማየት ይበቃል። አንድ ትርፍ ብሎንና ዳዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከወንበሩ ሥር፣ ከ13 ቁልፉ ጋር አስቀምጡ።